የአንድ ጉርሻ ፈቃድ

በከተማዋ ሰው ሰውን በጥፊ ከመታ አንድ ትውልድ አልፏል። የከተማው አስተዳደር ይህን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በአደባባይ ያስነግራል፤ የሚክደውም የለም። ሰው ሁሉ ከጨቅላነቱ ጀምሮ በሁለቱም የእጅ አንጓው ላይ የሚጠለቅለት ቀጭን ቀለበት በሕግ ስሙ «የእጅ መሪ» ይባላል፤ ሕዝቡ ግን «ልጓም» ነው የሚለው። ልጓሙ ውኃ አያስደፋም፣ መርፌ አያስወጋም፣ ቢላዋ ሽንኩርቱን ጨርሶ ወደ ጣት እንዲሻገር አይፈቅድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው እጁን ወደ ሌላው ፊት በሰነዘረ ጊዜ፣ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው፣ እጁን አየር ላይ ያቆመዋል። ባለፊቱ ልጠጋው ቢል እንኳ እጁ በተጠጋው ልክ ያፈገፍጋል። ስለዚህ በየመናፈሻው ፍቅረኞች አንዱ የሌላውን እጅ በጉንጩ ሲያሳድድ ይታያል፤ አላፊ አግዳሚው ግን ዘወር ብሎም አያያቸው።

ኑሮ እንደ ውኃ ነው፤ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል። እናቶች የልጆቻቸውን ንፍጥ የሚጠርጉት እጀታው በረዘመ ስፖንጅ ነው። ፀጉር የሚያስተካክሉት መሣሪያዎች ናቸው። መስቀል የጨበጠ የካህን እጅ ብቻ በልዩ ደንብ ነፃ ወጥቷል፤ አዋጁ በወጣ ሰሞን መስቀል ተውሰው ወደ ጎረቤታቸው ቤት ያመሩ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ቁጣም የራሱን ሥርዓት አበጀ። የተጣሉ ሰዎች እጃቸውን ያነሣሉ፣ እጃቸው ይቆማል፣ ከዚያም በቆሙ እጆች ሥር ሆነው ይሰዳደባሉ። የቸኮለ መንገደኛ «ይቅርታ» ብሎ ጎንበስ ይልና በመካከላቸው ያልፋል።

ጉርሻም በዚሁ ቀረ። ለማጉረስ የሚሄድ እጅና ለመምታት የሚሄድ እጅ እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ የሚጓዙት በአንድ ጎዳና ነው፤ ልጓሙም ሁለቱን መለየት አልቻለም። በሠርግ ቀን ሙሽሮች አንዳቸው ወደ ሌላቸው የጠቀለሉትን ይዘረጋሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይጎርሳሉ። ዘመዱም ያጨበጭባል።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ጥፊ የተከለከለበትን ዘመን ለብዙ ዓመታት ያለ ቅሬታ ኖራበታለች። ጡረታ እስክትወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ የሌሎችን ጠብ ስትጽፍ የኖረች ሴት ስለሆነች የራሷ ጠብ የሚያስፈልጋት አይመስላትም ነበር። ይህም እምነቷ ልጇ በተመረቀ ዕለት ፈረሰ። እንግዶች ተቀምጠው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ የሟች ባሏ ታላቅ እኅት፣ የውብዳር የምትባለው፣ ወደ ጓዳ ዘለቀች፤ የድስቱን ክዳን ከፈተች፣ በጭልፋ ቀመሰች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ጨው ጨመረች። ጨምራም አላበቃች። ወደ ሳሎን ተመልሳ «አሁን ይበላል» አለች።

ማዘንጊያ ዕድሜ ልኳን «እትዬ» እና «እርስዎ» ስትላት የኖረችውን ሴት «አንቺ» ብላ እጇን አነሣች። እጇም ቆመ። ከእንግዶቹ ግማሾቹ ፎቶግራፉን እስከ ዛሬ በየስልካቸው ይዘውታል፤ ማዘንጊያ በቀሚሷ እንደ ንግሥት፣ በቀኝ እጇ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሆና ትታያለች። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። የከፋው ግን ይህ አልነበረም። የከፋው ያልወረደው ጥፊ ነው፤ የትም አልሄደም። በክንዷ ውስጥ፣ ከክርኗ በላይ፣ እንዳልተከፈተ ደብዳቤ ተቀምጧል። ዝናብ ሲመጣ ይሞቃል። የየውብዳር ስም ሲነሣ ይላወሳል። ሐኪሞች መርምረው ምንም የለም አሏት፤ እሷም ምንም የሚባለው ነገር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ የእጅና የስፍራ ጥናት ተቋም ያወጣውን ማስታወቂያ ሰማች። ተቋሙ አእምሮ የራስን እጅና የሌላን ሰው ፊት በስፍራ ውስጥ እንዴት እንደሚያገናኝ ለመመርመር የተጣሉና መታረቅ የሚሹ ሰዎችን ይፈልጋል። ተሳታፊዎች አንዳቸው ሌላቸውን አንድ ጊዜ ያጎርሳሉ። በሙከራው ጊዜ ልጓማቸው ይወልቃል።

«ልጓማቸው ይወልቃል» የሚለውን ደጋግማ ሰማችው።

በሕጉ መሠረት ልጓም በወለቀበት ስፍራ ሰው የመታ ሰው «ሙሉ ልጓም» ይገባለታል። ሙሉ ልጓም ምን እንደሆነ ማዘንጊያ ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ ለጎረቤቷ ለአቶ በድሉ ገብቶለታል። የአቶ በድሉ እጆች አሁን የሚኖሩት በራሳቸው ሥርዓት ነው። ባይፈልግም ያጥቡታል፣ ይላጩታል፣ አፍንጫውን ሲበላው ፈቃድ ጠይቀው ያኩለታል። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ቀኝ እጁ አቶ በድሉ አጥብቆ የሚጠላቸውን የሰፈሩን ማኅበር ሊቀ መንበር በአክብሮት ሰላም ይላል፤ እሱም ከእጁ ኋላ ቆሞ እያየ ጥርሱን ያፋጫል። ማዘንጊያ በሰገነቷ ላይ ሆና ይህን ስታይ ቆየችና በሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ በአንድ በኩል የቀሪ ዘመኗን እጅ፣ በሌላ በኩል የአንዲት ሴት ጉንጭ። ሚዛኑ ወደየት እንዳጋደለ ስታይ ራሷም ደነገጠች። ከዚያ ሽማግሌ ልትልክ ተነሣች።

የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ ጋሼ ሀብተወልድ ዐሳቡን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የተቋሙ ሰዎች የሚያስታርቁ ከሆነ እኛ ምን ልንሠራ ነው?»

«እነሱ ይለካሉ፤ እርስዎ ይመርቃሉ፣ ጋሼ።»

«ስንት ጊዜ ለምነንሽ እምቢ ያልሽ ሴት ነሽ። ዛሬ ከልብሽ ነው?»

«ከልቤም ከክንዴም ነው» አለች ዓይኗን ዝቅ አድርጋ። ይህም ሐሰት አልነበረም።

የውብዳር መልእክቱ በደረሳት ጊዜ «እሺ» አለች። ማዘንጊያን ያሳሰባት ይህ ነው። የውብዳር ምሳ ብሉ ስትባል እንኳ ሦስት ጊዜ ሳትለመን እሺ የማትል ሰው ነበረች።

የሙከራው ክፍል ነጭ ነው፤ መስኮት የለውም፤ በመካከሉ አንድ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ እንጀራና የዶሮ ወጥ አለ። ወጡን ያዘጋጀው የተቋሙ ወጥ ቤት እንደሆነ ከቀለሙ ያስታውቃል። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ቆብ በራሳቸው ላይ ተደረገላቸው። ጋሼ ሀብተወልድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጥግ ተቀመጡ። ሙከራውን የሚመራው ዶክተር ኪሩቤል የተባለ ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ነበር፤ የተማረው ስለ ጉርሻ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ስለ ጉርሻ ነው፣ ነገር ግን በልጓም ዘመን የተወለደ በመሆኑ አንድም ቀን ከሰው እጅ ጎርሶ አያውቅም።

«ጣሪያው ላይ ያለው መሣሪያ የሚታዘዘው ለእኔ ድምፅ ብቻ ነው» አለ። «‹ተፈጸመ› ስል ልጓሞቹ በራሳቸው ተመልሰው እጃችሁ ላይ ይጠለቃሉ። እስከዚያ እጃችሁ የራሳችሁ ነው።»

ልጓሞቹ ወለቁ። ማዘንጊያ አፍንጫዋን ልታክ እጇን ብታነሣ ግንባሯን መታች። ከማዶ የውብዳር ነጠላዋን አስተካክላለሁ ብላ የገዛ ጆሮዋን ያዘች። ይህን ያህል ዓመት የተመራ እጅ መንገድ እንደማያውቅ ሁለቱም ተረዱ፤ አንዷም አልሳቀችም።

«አእምሮ በሰውነታችን ዙሪያ አጥር ያጥራል» ሲል ዶክተሩ ቀጠለ። «እጃችን የሚደርስበትን አየር ሁሉ እንደ ግቢው ይቆጥረዋል። ዱላ የያዘ ሰው ግቢው በዱላው ልክ ይሰፋል። የምንወደው ሰው ደግሞ ከአጥሩ ውስጥ ነው፤ አፉ የእኛ አፍ ያህል ይቀርበናል። እናት ልጇን ስታጎርስ የራሷ አፍ የሚከፈተው ለዚህ ነው።»

«የማንወደውስ?» አለች ማዘንጊያ።

«ከጠረጴዛው ማዶ ቢቀመጥም አዳማ ያለ ያህል ይርቃል።»

«ልንመታው ስንፈልግስ?»

ዶክተሩ ደስ አለው፤ ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ተሳታፊ አልነበረም። «ችግራችን እሱ ነው፣ እትዬ። ሰውን ለመምታት መጀመሪያ ወደ ግቢያችን ማስገባት አለብን። በሩን ከከፈትንለት በኋላ ደግሞ የገባው እንግዳ ይሁን ሌባ መሣሪያው አያውቅም።»

«ለምን ጠየቅሽ?» አለች የውብዳር።

«ዕውቀት አይጠላም» አለች ማዘንጊያ።

ከዚያ ማን ይቅደም የሚለው ተነሣ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ። ታላቄ ነዎት።»

«ኧረ በሞትኩት። የጠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ቅደሚ።»

«ታላቅ ተቀምጦ?»

«ታናሽ ስታጎርስ ነው የሚያምር።»

ጋሼ ሀብተወልድ በመከባበራቸው ልባቸው ተነክቶ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ማዘንጊያ ግን የውብዳር ለምን ኋለኛ መሆን እንደምትሻ አላወቀችም፤ እሷ ራሷ የምትሻበትን ምክንያት ብቻ ነበር የምታውቀው። መጨረሻ የሚመታ ሰው መልስ አይቀበልም። ክርክሩን በዕድሜ ተሸነፈችና እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።

ስልቷ አስቀድሞ ተነድፏል። ጥቂት ትጠቀልላለች፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ ትለቀዋለች፤ መዳፏን ትዘረጋለች። ለዚህ የምትመች የአውራ ጣት ያህል ጉርሻ ቆረሰች። ጋሼ ሀብተወልድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ማዘንጊያ፣ ለድመት ነው እንዴ?»

ፊቷ ቀላ። ሰው ሊመታ የመጣ ሰው ሊያፍር አይገባውም ነበር፤ እሷ ግን አፈረች። ጨመረች። የውብዳር ቅንድቧን አነሣች፤ አሁንም ጨመረች፣ ሥጋ አከለችበት፣ ዕንቁላሉን ከፈለችበት። በመጨረሻ በእጇ ያለው ጉርሻ ለታላቅ የባል እኅት የሚመጥን ሆነ፤ መዳፏንም ጣቷንም ሞላው። ይህን ያህል ምግብ የያዘ እጅ ለጥፊ እንደማይመች የተገነዘበችው እጇ ከተነሣ በኋላ ነው።

እጁ ጉዞውን ጀመረ። እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ አጋደለ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ። የውብዳር ዓይኗን ሳትነቅል አፏን ከፈተች። አሮጊት አፍ ነበር፤ ከኋላ ሁለት መንጋጋ የጎደሉት፣ ከፊት ደግሞ ማዘንጊያ በደንብ የምታውቀው፣ ከሟች ባሏ ጋር የሚመሳሰል ፍንጭት ያለበት። እጇ ከአጋማሹ ደረሰ። አንጓዋን ልትጠመዝዝ ሞከረች።

«አፋቸው ተከፈተ» አለ ዶክተሩ በሹክሹክታ፤ የሚናገረው ስለ የውብዳር አልነበረም።

ማዘንጊያ ምላሷ ላይ የክፍሉን ቀዝቃዛ አየር ተሰማት። የገዛ አፏ ያለ ፈቃዷ እንደ ወፍ ጫጩት ተከፍቶ ነበር። ለመዝጋት ስትታገል እጇ ያለ ተቆጣጣሪ ቀረና ደረሰ፤ ግማሹ አፍ ገባ፣ ግማሹ አፍንጫ ላይ ቀረ።

«ጉርሻ» አለ መሣሪያው ከጣሪያው። «ጉዳት የለም። ተቀባይ ያረጋግጡ።»

የውብዳር ረዘም ላለ ጊዜ አላመጠች። «ጉርሻ ነው» አለች። ከዚያም አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ጨው ይጎድለዋል።»

በማዘንጊያ ክንድ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ተነካ ዝሆን ተነሣ።

ተራው የየውብዳር ሆነ። የጠቀለለችው ጉርሻ የሕፃን ራስ ያህላል። ይዛው ስትመጣ ማዘንጊያ በፍርድ ቤት ስንት ዘመን ሐሰተኛ ምስክር ያየችበትን ዓይን በየውብዳር አንጓ ላይ ተከለች፤ አንጓው ለመጠምዘዝ ይዘጋጅ ነበር። የዕርቁ «እሺ» ያን ያህል የፈጠነው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ሁለቱም ለአንድ ጉዳይ ነው የመጡት። ነገር ግን የየውብዳርም አፍ ተከፈተ፤ ስትታገለውም ታየ። ጉርሻው አገጭን ነክቶ፣ ከንፈርን አልፎ፣ ገባ።

«ጉርሻ። ጉዳት የለም። ተቀባይ ያረጋግጡ።»

«ጉርሻ ነው» አለች ማዘንጊያ አፏ እንደሞላ።

ዶክተር ኪሩቤል እጁን አሻሸ። «እጅግ ግሩም ነው። እንግዲህ …»

«እንግዲህ ምን?» ጋሼ ሀብተወልድ ተነሡ። «በአንድ ልትተዋቸው ነው?»

«ፈቃዱ የአንድ ጉርሻ ነው፣ አባቴ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለት ያፋቅራል። ይህን ሳታውቅ ነው እንዴ የተማርከው? እነዚህ ሴቶች የተጣሉ ሆነው ገቡ፤ አንተ ደግሞ በመሣሪያ አስመስክረህ እንደገና አጣልተህ ልትሰዳቸው ነው።»

«ምሳሌውን በጽሑፌ ጠቅሼዋለሁ» አለ ዶክተሩ እያፈረ። «ደንቡ ግን ከአንድ በላይ አይፈቅድም። ከአንድ ያለፈውን ማስቆም ግዴታዬ ነው።» ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «ተፈ …»

ቃሉን አልጨረሰም። የውብዳር ካለችበት ተንጠራርታ በትሪው ላይ ከተረፈው አንዱን ጠቅልላ አፉ ውስጥ ከተተችው። ወጣቱ ዓይኑ ፈጠጠ። በአሮጊት እጅ የገባ ጉርሻ እንደማይተፋ ማንም አላስተማረውም፤ ግን ያውቀው ነበር። ማላመጥ ጀመረ። ሊጨርስ ሲል ማዘንጊያ ሌላ አከለችለት።

«ይ … በ … ቃ …» አለ በጭንቅ።

«ይበቃል የማይል እንግዳ የት አለ?» አለች የውብዳር። «ጨምሪለት።»

ይህን ስትል ወደ ማዘንጊያ ዞራ ነበር፤ ማዘንጊያም ወደ እሷ። ልጇ ከተመረቀ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለፈ የመጀመሪያው ጠብ የሌለበት ቃል ይህ ነው። ጊዜ ሳያጠፉ ሁለተኛውን ተጎራረሱ፤ በፍጥነት፣ እንደ ሌባ፣ ዶክተሩ ጉንጮቹ ተወጥረው እያየ። መሣሪያው ሁሉንም እየቆጠረ «ጉርሻ፣ ጉርሻ» አለ፤ እነሱም «ነው፣ ነው» አሉት። ጋሼ ሀብተወልድ ምርቃት ጀመሩ።

በዚህ ቢያበቃ ዕርቅ ነበር። የውብዳር ግን እያላመጠች፣ ከልቧ ለስልሳ፣ እንደ እኅት ለምክር ዘንበል ብላ እንዲህ አለች፦

«እውነቱን ልንገርሽ? ያኔም ጨው ጎድሎት ነበር።»

ማዘንጊያ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ይህን ያህል ድፍረት በአንዲት ሴት ውስጥ መገኘቱ አስቋት አፏ እስከ ጥርሷ መጨረሻ ተከፈተ። እንደተከፈተም ክንዷ ተነሣ። ማንም አልመራውም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላጋደለም፤ መንገዱን ዘመኑን ሙሉ ሲያጠና የቆየ ይመስል ቀጥ ብሎ ሄዶ በወጥ የተነከረ መዳፏን የየውብዳር ጉንጭ ላይ አሳረፈ። ድምፁ አጭርና ክብ ነበር። በከተማዋ ለአንድ ትውልድ ያልተሰማ ድምፅ ስለነበረ ከክፍሉ ውስጥ በመጀመሪያ ያወቁት ጋሼ ሀብተወልድ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

መሣሪያው የታየውን መመዘን ጀመረ። የተማረው ጥቂት ነገር ነው፤ የእጁን መንገድ፣ በእጁ ላይ ያለውን ወጥ፣ የሰጪዋን የተከፈተ አፍ መረመረ።

«ጉርሻ» አለ። «ተቀባይ ያረጋግጡ።»

ዶክተር ኪሩቤል ማላመጡን አቆመ። ማዘንጊያ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አየችው። ክንዷ ቀሎ ነበር፤ ስንት ዘመን የተሸከመችው የለም፤ ዝናብ ቢመጣም አይሞቅም። ቀሪ ዕድሜው ግን አሁን በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቃሉም በየውብዳር አፍ ውስጥ ነው። «አይደለም» ካለች ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይህ እጅ ከአቶ በድሉ እጅ ጋር ሆኖ ሊቀ መንበሩን ሰላም ይላል።

የየውብዳር ጉንጭ ላይ አምስቱ ጣቶች በበርበሬ ቀልተው ቀርተዋል። አልጠረገችውም። ምላሷን አውጥታ ወደ ከንፈሯ ጥግ የወረደውን ቀመሰች፤ አጣጣመችው፤ ዓይኗን ከማዘንጊያ ሳትነቅል።

«ጉርሻ ነው» አለች። «አፌን ሳተችው እንጂ።»

«ተመዝግቧል» አለ መሣሪያው።

የውብዳር የቀኝ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። የቀረውን እንጀራ ወደ ራሷ ጎተተች፤ ወጡን አጠቀሰች፤ መጠቅለል ጀመረች፣ ወይም መዳፏን ብቻ ማራስ ጀመረች፤ ከዚህ ማዶ ሆኖ መለየት አይቻልም።

«በይ» አለች፣ «ተራው የኔ ነው። ተጠጊ።»

ማዘንጊያ ተጠጋች። ዶክተሩ አፉን ባዶ ለማድረግ እየታገለ እጁን ያወናጭፋል፤ መሣሪያው ለእጅ ምልክት አይታዘዝም። የየውብዳር ክንድ ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ የመንገዱ አጋማሽ ላይ ደረሰ። የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ማዘንጊያ አላወቀችም፤ የውብዳርም ያወቀች አትመስልም ነበር። ማዘንጊያ አፏን ከፈተች፤ ጉንጯንም አላሸሸችም።